«በአካል ካልቀረበች አይታደስም» ላሉን የወረዳችን ጤና መድን ኃላፊ

ይድረስ ለወረዳችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የካንሰር ታማሚ የሆነችው እናቴ ሪፈር፣ ማለትም በመድኑ ከፍ ወዳለ ሆስፒታል ሄዳ የምትታከምበት የመላኪያ ወረቀት፣ በአካል ካልቀረበች አይታደስም ብለውኛል። ይህን ጉዳይ በአደባባይ ያወጣሁት ወድጄ አይደለም። ማመልከቻዬ በመዝገብ ቤታችሁ ቁጥር ተሰጥቶት ገብቷል። መልስ ሳጣ ለቅሬታ ሰሚ አቤት አልኩ፤ እዚያም «ለኃላፊው ተመርቷል» ከማለት ያለፈ ነገር አላገኘሁም። የተመራው ለእርስዎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ዝም ብለዋል። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያነበበው ልጠይቅዎት ተገድጃለሁ።

እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት። ጤና መድን ወደ ወረዳችን ከገባበት ዓመት ጀምሮ አባል ናት፤ ደህና በነበረችባቸው ዓመታት ሁሉ መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም። ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝም የተነገራትን ነው ያደረገችው። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቡና ላይ ለተሰበሰቡት ሴቶች «ባያምም ዝም አትበሉ» ብላ ነግራቸው ነበር። እናቴ «ይጠፋ ይሆናል» ብላ ሳትዘናጋ ጤና ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታሉ ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ አንዱንም ደረጃ ሳትዘል በሪፈር ሄደች። ናሙና ተወሰደ፤ ጡቷም በቀዶ ጥገና ወጣ። ሐኪሞቹ «በጊዜ መጥታለች» አሉን። በአገራችን አብዛኞቹ ሴቶች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲመጣ ሮዝ ሪባን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «ቀድማችሁ ተመርመሩ» የምትሉን ለዚሁ ነው። እናቴ ቀድማ ተመረመረች። ከዚያ በኋላ ያጓተታት በሽታዋ ሳይሆን የእናንተ ቢሮ ነው።

የታዘዘላት ኬሞ፣ ማለትም ካንሰሩን የሚገድለው መድኃኒት፣ ስምንት ዙር ነው፤ በየ21 ቀኑ አንድ። መጀመሪያ አራት ዙር ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋሚድ ጋር፣ ቀጥሎ አራት ዙር ፓክሊታክሴል የሚባሉ መድኃኒቶች። አንድም ዙር ሳይጓተት ቢሄድ እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አምስት ወር ገደማ ይወስዳል። እናንተ ጋ ግን ሪፈር የሚያገለግለው ሦስት ወር ብቻ ነው ተባልን። የእናቴ ሪፈር የወጣው ከቀዶ ጥገናው በፊት ስለነበር ሦስተኛውን ዙር እንደወሰደች ጊዜው አለፈ።

ላሳድስ ብቻዬን መጣሁ። የመድን መታወቂያዋን፣ የቀጠሮ ካርዷን፣ የሰጠችኝን ውክልና እና የሆስፒታሉ ማህተም ያረፈበትን የሕክምና ማስረጃ ይዤ ነበር። ሐኪሟ ማስረጃው ላይ፣ ታካሚዋ ኬሞ ላይ ስለሆነች ሰው ከሚበዛበት ቦታ መራቅ እንዳለባት ጽፈውበታል። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ አንብቦት ወደ እርስዎ ላከኝ። እርስዎ ማስረጃውን ገልጠው እንኳ ሳያዩ «በአካል ካልቀረበች አይታደስም፤ መመሪያ ነው» አሉኝ። የመመሪያውን ቁጥር ስጠይቅዎት አልነገሩኝም። እስከ ዛሬ አላየሁትም።

ኬሞ ካንሰሩን ብቻ መርጦ አይመታም። ከበሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስም አብሮ ይመታል፤ የሕዋሱ ቁጥር ከሁሉም በታች የሚወርደው ደግሞ መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነው። በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው በጉንፋን የሚያልፈው ነገር ኬሞ ላይ ያለን ሰው ሊገድል ይችላል። ለዚህ ነው ነርሶቹ «ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን አምጧት» ብለው ደጋግመው ያስጠነቀቁን። ቤታችን ውስጥ የሚያስነጥስ ሰው ወደ እሷ አይጠጋም ነበር። ሲቆላ ሽታው ስለሚያስመልሳት ቡና ማፍላት ትተናል። ጎረቤቶቻችን ከደጅ ሆነው «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይመለሱ ነበር፤ ያልተማሩ እናቶች ሐኪም ያለውን ሰምተው።

የእርስዎን መልስ ስነግራት ሦስተኛውን ዙር ከወሰደች አሥረኛ ቀኗ ላይ ነበረች። «ልጄ፣ ለምን ትጣያቸዋለሽ፤ ልሂድላቸው» አለች። በባጃጅ አመጣኋት። ያን ቀን መስኮታችሁ ፊት የነበረው ሰልፍ እስከ ደጅ ወጥቶ ነበር። ጨቅላ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ነበሩ፤ ከአጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ ያለማቋረጥ ይስሉ ነበር፤ አግዳሚው ሞልቶ የቀረው ሰው ቆሟል። እናቴ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ፀጉሯ ስላለቀ ሻሿ እየተንሸራተተ ያስቸግራት ነበር፤ በሰው ፊት ራሴ ይገለጣል ብላ በአንድ እጇ እሱን ትይዛለች። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛው ቀና ብሎ አያት፤ ስሟን ከመታወቂያው ጋር አስተያየና «ማህተም የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል፤ ነገ ተመለሱ» አለን። በአካል ቅረቢ የተባለችው ለዚህች አንድ እይታ ነበር። ሪፈሩም አልታደሰም።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ትኩሳቷ 39 ደረሰ። በኮንትራት መኪና ሆስፒታል አደረስናት። ነጭ የደም ሕዋሷ እጅግ ወርዶ ነበር፤ ተኝታ በደም ሥር ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ስትወስድ ሰነበተች። ከማን እንደያዛት በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም የለም፤ እኔም አልናገርም። ግን ከሆስፒታልና ከቤቷ ሌላ የሄደችው እናንተ ጋ ብቻ ነው። ደሟ እስኪመለስ ድረስ አራተኛው ዙር ለሁለት ሳምንት ተላለፈ።

ሪፈሩ ጊዜው ያለፈ ስለሆነም የአልጋውንና የመድኃኒቱን ሒሳብ እኛ ከፈልን። የምትታለብ ላማችን ተሸጠች። ደረሰኞቹን ሳመጣ «ሪፈር በሌለበት ቀን የወጣ ወጪ አይወራረድም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሪፈር ያልነበራት እናንተ ሳታድሱላት ስለቀራችሁ ነው። ቀርባለች፤ ሠራተኛችሁ በዓይኑ አይቷታል። በየትኛው ሕግ ነው የእናንተ ማህተም ያዥ ስብሰባ የሄደበትን ቀን እናቴ የምትከፍለው?

በሌላ ሰው መታወቂያ የሚታከም አለ፣ የሞተ ሰው ሪፈር የሚያሳድስ አለ እንደምትሉ ሰምቻለሁ። ይኖራል። የመድኑ ገንዘብ የእኛው የገበሬዎች ገንዘብ ነውና ቁጥጥር አያስፈልግም አልልም። ነገር ግን እናቴ በሕይወት መኖሯን ለማወቅ የግድ ሰልፍ ላይ መቀመጥ አለባት ወይ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ቤታችን እየመጣች ታያታለች፤ ደመወዟን የሚከፍለውም ይኸው መንግሥት ነው። የእሷ ፊርማ ለምን አይበቃም? የሐኪሟ ማህተምስ? ሕክምናው ስምንት ዙር መሆኑ ማስረጃው ላይ ተጽፎ እያለ ሪፈሩ ለስምንቱም ዙር ቢሰጥ ማን ይጎዳል?

ነገሩ በኬሞው አያበቃም። ቀጥሎ የጨረር ሕክምና አለ። የናሙናዋ ውጤት በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ታሞክሲፌን የሚባለውን ኪኒን ቢያንስ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ትውጣለች። በእናንተ አሠራር በየሦስት ወሩ በአካል እየቀረበች ስታሳድስ ይህ 20 ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የጡት ካንሰር ዕቅድ ከታማሚዎች ቢያንስ 80 በመቶው የታዘዘላቸውን ሕክምና እንዲጨርሱ ግብ አስቀምጧል። ጸበል ብላ፣ ገንዘብ አጥታ፣ መንገድ ርቋት ሕክምናዋን የምታቋርጥ ሴት አለች እየተባለ በየስብሰባው ይነገራል። መስኮታችሁ ፊት ደክሟት የምትተወው በየትኛው ሪፖርት ነው የምትጻፈው?

ይህን ስጽፍ እናቴ ስድስተኛውን ዙር ወስዳለች። ኋላ የታደሰላት ሪፈር ስምንተኛው ዙር ሳይደርስ ጊዜው ያልፋል። ያን ጊዜም ማስረጃውን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ፤ እናቴን አላመጣትም። የምጠይቅዎት የመለሳችሁብኝ ደረሰኝ እንዲወራረድ፣ ሪፈሩ እስከ ሕክምናው ፍጻሜ እንዲሰጣት፣ «በአካል» የሚለው መመሪያም ካለ ቁጥሩንና አንቀጹን እንዲያሳዩኝ ነው። እምቢ የሚሉኝ ከሆነ እምቢታዎን በጽሑፍ፣ ፈርመውና ማህተም አድርገው ይስጡኝ፤ ወደ ዞን ይዤው እሄዳለሁ።

የአባላችሁ ልጅ