ሳጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ

ክቡር አዘጋጅ፣

በልጅነታቸው ታዋቂ የነበሩ ተዋናዮች አድገው የሚጽፉትን ግለ ታሪክ «የሐሜት መጽሐፍ» እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እኔ በጭራሽ አልስማማም። የሆሊውድ ዝነኛ ሕፃን ተዋናይት የነበረችው ሸርሊ ቴምፕል እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችውን ግለ ታሪክ አንብቡና ፍረዱ።

ፊልም መሥራት የጀመረችው በሦስት ዓመቷ ነው። ቀረጻ ላይ ያስቸገረ ሕፃን የሚቀጣበት ጥቁር ሳጥን ነበር። ውስጡ ትልቅ በረዶ ተቀምጧል። ልጅቷ ደክሟት ልቀመጥ ካለች ያላት በረዶው ብቻ ነው። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ቆየሁ። እሷ ባትነግረን ይህን ማን ይነግረን ነበር?

ዕድሜዋን እንኳ በአንድ ዓመት ቀንሰውባት ነበር። 12 ሞላኝ ባለችበት ልደቷ ነው 13 መሙላቷን የሰማችው። ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሠርታ፣ ትልቅ ሰው ስትሆን የጠበቃት 44 ሺህ ገደማ ነው።

በልጅነቷ የቴሌቪዥን ተዋናይት የነበረችው አሜሪካዊቷ ጄኔት መከርዲም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው መጽሐፍ፣ በ11 ዓመቷ ምግብ እንድትቀንስ ያስተማረቻት እናቷ እንደሆነች ጽፋለች።

እኔም የልጄን ጭፈራ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቅቄ ነበር። «አንዴ ብቻ ድገሚው የኔ ቆንጆ» ስላት ፊቷ ጥቁር ሲል አየሁ። መጽሐፉን ካነበብኩ በኋላ ቪዲዮውን አጠፋሁት።

እባካችሁ፣ በመጻሕፍት ዓምዳችሁ ለእነዚህ ሴቶች ቦታ ስጧቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ