የአንቺ ዓይነት ዓይን ያላት ልጅ

እህት ዓለም፣

እንዴት ነሽልኝ? ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ። ሰበብ አልደረድርም። ስልኩን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዝምታው በረዘመ ቁጥር መጀመሪያው ይጠፋኛል። አሁን ግን ጉዳይ ገጠመኝ። ጉዳዩም የአንቺ ዓይን ነው።

ትንሿ እህቴ ሜካፕ አስተምሪኝ ብላ ያዘችኝ። አዎ፣ ያቺ እዘዪኝ እያለች ታለቅስብሽ የነበረችው! ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ደስታዬን አልነግርሽም። ግን ፈራሁም፤ ልኳል ብላ ዓይኗን እንዳታጠፋ።

መጀመሪያ የከለከልኳት ያንን ሃያ ቀለም የያዘ ፓሌት ነው። አንድ ቡናማ እርሳስ ኩል፣ አንድ የሽፋሽፍት ማስካራ፣ ከቆዳዋ ትንሽ ጠቆር የሚል የማያብለጨልጭ አይሻዶ (የዓይን ቆብ ቀለም)፣ አንድ ለስላሳ ብሩሽ። ለጀማሪ ይበቃል። ጥቁር ኩል እጅ ትንሽ ሲስት ወዲያው ያሳብቃል፤ ቡናማው ይሸፍንላታል።

ክርኗን ጠረጴዛ ላይ አስደገፍኳት። መስታወቱን ከአገጯ ዝቅ አድርጌ ወደ ታች አሳየኋት፤ እንዲህ ሲሆን የዓይን ቆብ ሳይጎትቱት ይዘረጋል። አንድ ረጅም መስመር ልትስብ ስትጣደፍ እጇን ያዝኩት። ሽፋሽፍቷ ሥር ትንንሽ ነጥቦች አስነጠብኳት፣ ከዚያ በአጫጭር ጭረት አገናኘቻቸው። በጥጥ ጫፍ ቀስ አድርጋ ስታደበዝዘው ዓይኗ በራ። ምነው ባየሻት!

ማስካራው አላስቸገራትም። ከሥሩ ጀምራ ግራ ቀኝ እያወዛወዘች ወደ ላይ ትስበዋለች።

ንጽሕናው ላይ ግን ፍንክች አልልም። የዓይን ነገር ለማንም አይዋስም፣ ለእኔም ቢሆን። ማስካራ ከተከፈተ ከ3 ወር በኋላ ይጣላል፤ ደረቀ ተብሎ ውሃ ወይም ምራቅ አይጨመርበትም። ዓይኗ ከቀላ ወይም ካሳከካት ሁሉንም ታቆማለች። ከሽፋሽፍቱ በስተውስጥ ያለውን እርጥብ ጠርዝም እንዳትነካው ነግሬያታለሁ፤ እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚያደርገው ዘይት የሚወጣው እዚያ ካሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት ኩልማ ቤት አይገባም። አንዳንዱ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት አለበት። ማታ ደግሞ የሜካፕ ማስለቀቂያ የነካ ጥጥ ዓይኗ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ታሳርፍና ሳትፈትግ ወደ ታች ትጠርጋለች። ደክሞኛል ብሎ ከነኩሉ መተኛት የለም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የልጅቷ ዓይን ቁርጥ የአንቺ ነው። ስትገልጠው የላይኛው ቆዳ ቆቡ ላይ ይወርዳል። ጨፍና የተቀባችው አይሻዶ ስትገልጥ ድራሹ ይጠፋል። ለእሱስ መላ አለኝ፤ ዓይኗን ገልጣ ፊት ለፊት እያየች ከእጥፋቱ ትንሽ ከፍ አድርጋ ትቀባለች፣ ያምርባታልም። ያቃተን ከዓይን ጥግ ወጣ የሚለው የኩሉ ጅራት ነው። እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ይሰበራል። አንቺ ያንን ጅራት ስትስቢው ቀጥ ይልልሽ ነበር። ተኩለሽ እስክትጨርሺ ስንቴ በር ላይ አቁመሽኛል! ያኔ ልብ ብዬ ሳላይሽ የቀረሁት አሁን ነው የቆጨኝ። ጨፍነሽ ነበር ወይስ ገልጠሽ? ከውጭ ወደ ውስጥ ነበር የምትስቢው?

እንግዲህ... ለኩል ብላ ጻፈችልኝ እንዳትይኝ። ወይም በይኝ፣ መብትሽ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያቺ ልጅ መስታወት ፊት ተቀምጣ ዓይኗን ስትገልጥ አንቺን አየሁና አላስቻለኝም።

ከሰኞ በፊት ከተመቸሽ በቪዲዮ ደውዪልን። ካልሆነም አንዱን ዓይንሽን ስትኳዪ ቀርጸሽ ላኪልን፤ ቀስ ብለሽ ግን፣ እንደ ድሮው አትጣደፊ። ቁጥሬ ያው ነው።

ያንቺው