የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ ከእርጎ እስከ ቲቢ ስላይድ

የባዮሎጂ ክበብ ሲባል ችግኝ ተከላ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ችግኙንም ተክለናል፣ ውሃም እያጠጣነው ነው፣ ግን ዘንድሮ ዋናው ስራችን ባክቴሪያ ነበር። ስታፍ ሩም ውስጥ ሳይቀር «ልጆቹን ጀርም ልታስነካቸው ነው እንዴ?» ተብያለሁ። ልጆቻችን እኮ ሴል ዎል (የሴል ግድግዳ)፣ ራይቦዞም፣ ፕላዝሚድ፣ ፍላጀለም እያሉ የባክቴሪያን ክፍሎች ዲያግራም በቃላቸው ይወጡታል፣ ኒውክለስ እንደሌላትና ዲኤንኤዋ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚገኝ ለፈተና ይጽፋሉ፣ ግን አንድም ባክቴሪያ በአይናቸው ሳያዩ ነው ከዚህ ግቢ የሚወጡት። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

የረቡዕ ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም፣ አመራር ተመረጠ፣ እቅድ ወጣ፣ ሚኒ ሚዲያ ላይ ጽሁፎች አቀረብን፣ ጥያቄና መልስ ተካሄደ።

የጀመርነው በእርጎ ነው፣ ወተቱን የሚያረጋው ባክቴሪያ ነውና። አንድ ልጅ ከቤት ያመጣውን በውሃ አቅጥነን ስላይድ ላይ ቀባን፣ ሲደርቅ በእሳት ላይ አሳለፍነው፣ ከዛ ክሪስታል ቫዮሌት። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም ባክቴሪያን በቀለም ለመለየት እ.ኤ.አ. በ1884 ያሳተመው ዘዴ የሚጀምረው እንዲህ በወይንጠጅ ቀለም ነው። ከቀለሙ ቀጥሎ አዮዲን ይደረግበትና በአልኮል ሲታጠብ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ጠንካራ መረብ የተሰራው ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑት ባክቴሪያዎች ቀለሙን ይዘው ይቀራሉ፣ ግድግዳቸው ስስ ሆኖ ከውጪ ሌላ ሽፋን የደረቡት ግን ይለቁታል፣ እነሱን ሳፍራኒን የሚባል ሌላ ቀለም ሮዝ ያደርጋቸዋል። እኛ ሳፍራኒን ስለሌለን ወይንጠጁ ላይ ቆመናል። ማይክሮስኮፓችንም ያቺው ሁላችሁም የምታውቋት በመስታወት ፀሀይ የምትቀበለው ናት፣ የምታጎላው እስከ 400 እጥፍ ነው፣ የአብዛኛው ባክቴሪያ ርዝመት ደግሞ ጥቂት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ብቻ ስለሆነ የታየን ጥቃቅን ነጥብና ጭረት ነው። ቢሆንም ልጆቹ መስኮቱ ስር ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ ብታዩ!

ድንቹ ግን አልተሳካም። አጋር የሚባለው ባክቴሪያ የሚያድግበት ጄል ዋጋው ስለማይቀመስ ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሮበርት ኮህም አጋር ሳይመጣ በፊት ያደርገው እንደነበረው የተቀቀለ ድንች ላይ ባክቴሪያ ልናሳድግ ሞከርን፣ ሻጋታ ቀድሞ ወረሰው። የምትሰጉ ካላችሁ፣ በበረኪና ዘፍዝፈን ነው ያስወገድነው።

በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ጤና ጣቢያ የሄድንበትን ቀን ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው (እግዜር ይስጠው፣ ስራ በዝቶበት ነው ያስተናገደን) ቀድሞ ተቀልሞ የደረቀ የቲቢ አክታ ስላይድ አስቀመጠልን፣ ማይክሮስኮፑ በዘይት የሚሰራ ሌንስ አለው፣ 1000 እጥፍ ያጎላል። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች። ልጆቹ እያዩ ወጡ፣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጃችን ግን አይኗን ከሌንሱ አልነቅል አለች። ከዛ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ እናቴ ስድስት ወር መድኃኒት የዋጠችው ለዚች ነው?» አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፋኝ፣ ባለሙያው ነው የደረሰልኝ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና አስረዳት፣ የዚች ባክቴሪያ ግድግዳ ማይኮሊክ አሲድ በሚባል ስብ የተሸፈነ ነው፣ ሰም የተቀባ ነገር ውስጥ ውሃ እንደማይገባ ተራ ቀለምና ብዙ መድኃኒት በቀላሉ አይገባላትም፣ ቀዩም ቀለም የገባው በእሳት ተሞቆ ነው፣ አንዴ ከገባ ግን በአሲድ እንኳን አይለቅም። አንጀት ውስጥ የምትኖረው ባክቴሪያ ኢ. ኮላይ ሲመቻት በ20 ደቂቃ ለሁለት ስትከፈል ይቺ ግን 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፣ ሳትባዛ የተኛችም አለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት አይነት፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት አይነት መድኃኒት ይሰጣል፣ አይሶናያዚድ የሚባለው ያንን የስብ ግድግዳ እንዳትሰራ ነው የሚከለክላት፣ ሰው ተሻለኝ ብሎ ካቋረጠ የተረፉት ይመለሳሉ አላት። ልጅቷ «እናቴ አንድም ቀን አላቋረጠችም» አለች፣ ጮክ ብላ፣ ሁሉም እየሰማ። እኛ አገር ስንቱ ቲቢ በቤቱ ገብቶ ከጎረቤት እንደሚደብቅ ታውቃላችሁ። ከዛ ቀን ወዲህ ረቡዕ ቀርታ አታውቅም፣ የሴል ዎልን ትምህርት ለ9ኛ ክፍሎች የምታስረዳውም እሷ ናት።

ለስፖርት ማልያ ሲገዛ፣ ለሚኒ ሚዲያ ስፒከር ሲገዛ ደስ ብሎናል፣ ይገባቸዋልም። የኛ ጥያቄ ግን ሁሌ «በጀት ሲገኝ» ይባላል። ብዙ አይደለም የምንፈልገው፣ ባለ 100 የዘይት ሌንስ ያለው (ከአይን ሌንሱ ጋር 1000 እጥፍ የሚያጎላ) አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ያገለገለም ቢሆን የሚሰራ ይሁን፣ የሌንሱ ዘይት፣ ሳፍራኒንና ትንሽ አጋር። ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ ላብራቶሪና ሆስፒታል የምትሰሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ እቃም ባይኖራችሁ መጥታችሁ አንድ ቀን ብታስተምሩልን ትልቅ ነገር ነው። ረቡዕ ከሰዓት ላብ ውስጥ ነን።