ማሩ ላንቺ፣ ጡቱ ለሕፃኑ

ባሕር ዳር

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስለ ዝምታዬ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፤ አሁን ግን የጠየቅሽኝ ነገር ቀን አይሰጥም። ስምንተኛ ወርሽን ይዘሻል፣ እማማም እዚያው ዘጌ ለሕፃኑ የሚላስ ማርና ቅቤ አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። «እኔ የምበላው ማር ልጄን ለምን ይጎዳዋል?» ብለሻል። መልሱ ያለው አንጀት ውስጥ ነው።

ባንቺ አንጀት በመቶ የሚቆጠሩ የባክቴሪያ ዝርያዎች ለዓመታት ቦታ ተካፍለው ኖረዋል፤ እንግዳ ተህዋስ ቢመጣ ማደሪያ አያገኝም። የሕፃኑ አንጀት ሲወለድ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሚገቡት እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ፣ ኦክስጅን ኖረም አልኖረም የሚኖሩት ናቸው። እነሱ ኦክስጅኑን ሲጨርሱት አየር የማይስማማቸው ይከተላሉ። ጡት በሚጠባ ሕፃን ከእነዚህ ዋናው ቢፊዶባክቴሪየም ነው።

ጡትሽ ውስጥ ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ የሚበዛው ጠጣር ነገር፣ የሚገርምሽ፣ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት ነው። በሊትር ከ5 እስከ 15 ግራም ይገኛል፤ በእንገሩ ጊዜ ከ20 ግራም ያልፋል። የተሠራው ለቢፊዶ ቀለብ ነው። ቢፊዶ ያንን በልቶ አሲድ ያወጣል፣ አንጀቱ ይኮመጥጣል፣ ጎጂ ተህዋስም እንዲህ ባለ ቦታ አይመቸውም። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ መድፋት ይህን ሁሉ መድፋት ነው። በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ አጥቢው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለአዋቂ የዝርያው ብዛት ጥሩ ምልክት ነው፤ ጡት ብቻ ለሚጠባ ሕፃን ግን ዝርያው ጥቂት መሆኑ ጉድለት አይደለም። «እንዲለምድ» ተብሎ ውኃ፣ አብሽ ወይም ቅቤ ሲሰጠው የሚለምደው ነገር የለም፤ ተህዋስ ይገባበታል፣ ጡቱንም ይቀንሳል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ።

ወደ ማሩ ልመለስ። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። አንቺ ብትበዪው ዘሩ ሳይበቅል ያልፋል። ሕፃኑ ጋ ግን የሚከላከለው ስለሌለ አንጀቱ ውስጥ በቅሎ ነርቭ የሚያደነዝዝ መርዝ ያመርታል። ማሩን ማፍላት አያድንም፤ ዘሩ የፈላ ውኃ ይችላል። ስለዚህ 1 ዓመት ሳይሞላው በጣት ጫፍ እንኳ አይቅመስ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ በድርቀት ይጀምራል፤ ከዚያ ለቅሶው ይደክማል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንገቱ ይዝላል። ይህን ካየሽ የጠዋቱን ጀልባ አትጠብቂ፤ በሌሊትም ቢሆን በመኪና ሆስፒታል ይዘሽው ነይ።

ድርቀት ሁሉ ግን በሽታ አይደለም። ሰገራው መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ በ5ኛው ቀን ገደማ ቢጫ ይሆናል። ከ6 ሳምንት በኋላ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሳምንት ያህል ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል፤ በደንብ እየጠባ ከሆነና ሲወጣ ለስላሳ ከሆነ ዘይት አትስጪው። ነጭ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ግን አሳዪው።

ስላንቺ ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ በ91 የፊንላንድ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተሠራ ጥናት የአንጀት ዝርያዎች እስከ መውለጃው እየቀነሱ እንደሚሄዱ አሳይቷል። በኋላ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ያን ያህል ለውጥ ስላላዩ እኔ ብዙም አልደገፍበትም። ድርቀትሽ ግን ግልጽ ምክንያት አለው፤ ፕሮጄስትሮን የሚባለው የእርግዝና ሆርሞን አንጀትን ያዘገያል፣ የአይረን ክኒኑም ያባብሰዋል። ክኒኑን ሳታቋርጪ ጎመን፣ ምስርና ሽሮ ብዪ፣ ውኃ ጠጪ። እንጀራም ጥሩ ነው፤ ግን የእርሾው ተህዋስ ምጣዱ ላይ ስለሚሞት የሚጠቅምሽ የጤፉ ፋይበር ነው። ጥሬ ወተትና የሐይቁ ጥሬ ዓሣ እስክትወልጂ ይቅርብሽ።

በኦፕራሲዮን ከወለድሽ የሚሰጥሽን አንቲባዮቲክ እንቢ አትበይ፤ ባክቴሪያዎቹ ቢዘገዩም ጡቱ ያግዛቸዋል። የሕፃኑን የቫይታሚን ኬ መርፌም እንዲሁ። አንጀቱ ገና ስለማያመርት 1 ሚሊግራሙ ደም እንዳይፈሰው ይጠብቀዋል።

እማማን አታሳፍሪያቸው። ማሩን አጥሚትሽ ላይ፣ ቅቤውንም የአራስ ገንፎሽ ላይ ያድርጉልሽ። ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

ጓደኛሽ