ስለ «የውጤት ካርድ» ኢሜይል ለወላጆችና አሳዳጊዎች የተላከ ደብዳቤ

ጅማ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ በትምህርት ቤታችን ስም «የውጤት ካርድ» የሚል ኢሜይል ደርሷችኋል። እኛ አልላክነውም። አብሮት የመጣው ፋይል የኮምፒውተር ዎርም ነው፤ ማለትም ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም። ያልከፈታችሁት አጥፉት። የከፈታችሁትም አትደንግጡ፤ መላ አለው። ይህን ደብዳቤ በወረቀት፣ በልጆቻችሁ እጅ የላክነው አውቀን ነው። በኢሜይል ብንልከው ማን ያምነናል? የአፋን ኦሮሞው ቅጂ ከጀርባው ታትሟል።

አንድ አባት ላፕቶፓቸውን ይዘው መጥተው ከአይሲቲ መምህራችን ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ኢሜይሉ የመጣው ለወላጆች ስብሰባ ልከንላቸው ለነበረው መልእክት እንደ መልስ ሆኖ ነው። ከሥሩ የራሳችን ጽሑፍ እንዳለ አለ፣ ሰላምታው ሳይቀር። ከላይ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ካርዱ ተያይዟል፣ ፓስወርዱ 1234 ነው።» የላኪው ስም የእኛ ነው። ስሙን ነካ ስታደርጉት ግን ከኋላው የማናውቀው አድራሻ ብቅ ይላል። ስልክ ላይ ደግሞ ስሙ ብቻ ስለሚታይ ብዙ ሰው እዚያ ድረስ አይሄድም።

የተያያዘው በፓስወርድ የተቆለፈ ዚፕ ፋይል ነው። ለምን ተቆለፈ? የኢሜይል አገልግሎቱ አንቲቫይረስ ገብቶ እንዳይፈትሸው ነው። ቁልፉን ለእናንተ ሰጥቶ ለጠባቂው ይነሳዋል። ሲከፈት የዎርድ ሰነድ ምልክት ያለው ፋይል ይታያል። ዊንዶውስ በተለምዶ የፋይል ስም የመጨረሻ ፊደላትን ይደብቃል። መምህራችን ፋይሉ ካለበት ፎልደር መስኮት ከላይ «ቪው» ከሚለው ገብቶ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ሲያበራው ስሙ ሙሉ በሙሉ ወጣ። መጨረሻው የሰነድ አይደለም፤ ኢ-ኤክስ-ኢ ነው፣ ማለትም ፕሮግራም። ይህችን ነገር ዛሬውኑ በየቤታችሁ አብሩት። አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ የተነሳው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ዎርም የመጣው የፍቅር ደብዳቤ መስሎ ነበር። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ይመስላል፤ የተደበቀው መጨረሻው ግን የሚሠራ ኮድ ነበር። የከፈተው ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች በራሱ ቅጂ እየተካ፣ በአድራሻ መዝገቡ ላሉት ሁሉ ራሱን ላከ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚሊዮኖች ኮምፒውተሮች ተያዙ። የእንግሊዝ ፓርላማ ሳይቀር ኢሜይሉን ለጊዜው ለመዝጋት ተገዷል። በጥር 1996 ዓ.ም. የመጣው ማይዱም ደግሞ «የላካችሁት መልእክት አልደረሰም» የሚል ተራ የስህተት ማስታወቂያ መስሎ ነው የገባው። እሱ የላኪን ስም ይሰርቅ ነበር። እንደ ኢሞቴት ያሉት ኋላ የመጡት ከሰው የመልእክት ሳጥን እውነተኛ ደብዳቤ አውጥተው ለእሱ መልስ ይሰጣሉ። የእኛም እንግዳ አመጣጡ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ስማችን የመጣው የእኛን መልእክት የተቀበለ የአንድ ሰው ኮምፒውተር ስለተያዘ ነው። የማን እንደሆነ አልፈለግንም፤ ብናውቅም አንናገርም። ኢሜይሉ በስሙ የደረሳችሁ ሰው ኮምፒውተሩ ላይያዝ ይችላል። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት ይህን አስቡ።

ዎርሙ አንዴ ከተከፈተ ራሱን ዊንዶውስ ውስጥ ይገለብጣል። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ራሱን ያስመዘግባል። ከዚያ አድራሻ ይለቅማል፣ ይልካል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የኮምፒውተር መንቀርፈፍ፣ ያለ ምክንያት የሚያልቅ የኢንተርኔት ፓኬጅ፣ ወይም «ምንድነው የላክህልኝ?» የሚል የወዳጅ ስልክ ነው። ምንም ምልክት ላይታይም ይችላል።

ከከፈታችሁት መጀመሪያ ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ዋይፋዩን አጥፉ፣ ኬብል ካለ ንቀሉ፣ የስልክ ሆትስፖት ከሆነ ዝጉ። ፍላሽም ሆነ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ አትሰኩ። ቀጥሎ ባልተያዘ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ስልክ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ ቀይሩ። እዚያው እያላችሁ ከሁሉም መሣሪያዎች ውጡ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ብዙ ሰው የሚዘነጋት ነገር አለች፦ በኢሜይሉ ሴቲንግ ውስጥ ደብዳቤያችሁን ወደማታውቁት አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ እንዳልተቀመጠ እዩ። ካለ ሰርዙት። ፓስወርዱን በተያዘው ኮምፒውተር ላይ መቀየር ግን ልፋት ብቻ ነው፤ አዲሱም ይሰረቃል።

ከዚያ ወደ ማጽዳቱ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ዲፌንደር ከተባለው የራሳቸው አንቲቫይረስ ጋር ነው የሚመጡት፤ ሌላ መግዛት ግድ አይደለም። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ግቡና «ስካን ኦፕሽንስ» ከሚለው ሥር የኦፍላይን ስካኑን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ ዎርሙ ገና ሳይነቃ ማለት ነው። 15 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የጅማን መብራት ታውቁታላችሁ፤ ባትሪውን ሞልታችሁ ጀምሩ። ሲጨርስ ኢንተርኔቱን መልሱና ዲፌንደርን አዘምኑት፤ ከዚያ ሙሉውን ስካን አስኪዱ። እሱ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ማታ ትታችሁት ተኙ።

አንድ መራር እውነት ልጨምር። ብዙዎቻችን ቤት ያለው ዊንዶውስ በአክቲቬተር፣ ማለትም ያልተገዛን ዊንዶውስ እንደተገዛ አስመስሎ በሚከፍት ፕሮግራም፣ የተከፈተ ነው። አክቲቬተሩ ሲጫን «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ ጠፍቶም ይቀራል። የእናንተ ዲፌንደር በርቶ እንደሆነ አሁኑኑ እዩ። ዊንዶውስ 10 ያላችሁ ደግሞ መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. እንዳበቃ እወቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ምልክቱ ካልጠፋ ፎርማት ይደረጋል፤ ማለትም ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል። ጥገና ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያው ቃል «ፎርማት ላድርግልህ» ከሆነ ግን ረጋ በሉ። መጀመሪያ ሰነዱና ፎቶው ይገልበጥ፣ የተገለበጠውም ይፈተሽ። ፕሮግራም የሆነ ፋይል አብሮ አይገልበጥ። የልጅ ፎቶ አንዴ ከጠፋ ጠፋ ነው።

በመጨረሻ ለምታውቋቸው ሰዎች በስልክ ደውላችሁ «ከእኔ የመጣ ካለ አትክፈቱ» በሉ።

ኢሜይሉን በስልክ ለከፈታችሁት፦ ይህ ፋይል የዊንዶውስ ነው፤ አንድሮይድ ላይ አይሠራም። ወደ ቢሮ ፎርዋርድ ካደረጋችሁት ግን እዚያ ይሠራል። በቡና ንግድ ላይ ያላችሁ ወላጆች ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁ። ውልና ኢንቮይስ ቀኑን ሙሉ በኢሜይል በሚመላለስበት ሥራ «ኢንቮይስ ተያይዟል» ሲባል ማን ይጠረጥራል? ያልጠበቃችሁት ከሆነ ደውላችሁ ጠይቁ። የተከፈተው ሰነድ ከላይ «ኢነብል ኮንተንት» የሚል ቁልፍ ካሳያችሁም አትንኩት፤ ሰነዱ ውስጥ የተደበቀ ኮድ እንዲሠራ የሚፈቅድ ነው።

አሁን ስለ ልጆቹ። ኮምፒውተር በተበላሸ ቁጥር ጥፋተኛው ልጁ ነው፤ «ጌም ጭነህ ነው» ይባላል። በብዙ ቤት ግን የአባትን ኢሜይል የሚከፍተው፣ አትሞ የሚያመጣውም ልጁ ነው። ታዝዞ ነው የከፈተው። ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቃችኋል፤ ዎርሙም ያለ ተቆጣጣሪ ሳምንቱን ይጨርሳል።

ፍላሽም የዚሁ ዘመድ አለበት። ልጆች የቤት ሥራ ለማሳተም ኅትመት ቤት ይሄዱና ሲመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኟቸዋል። ሥራው አልጠፋም፤ ተደብቆ ነው። ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ፍላሹንም ፎርማት አታድርጉ። እንዳለ ላኩልን፣ እናወጣዋለን። ፍላሹን ይዞ ለመጣ ተማሪ መምህራን የማስረከቢያ ቀን እንዲያራዝሙ ተነግሯቸዋል። ባዶ እጁን መጥቶ «ቫይረስ በላው» ለሚለው ግን አይደለም፤ እሱን ዘዴ እኛም እናውቀዋለን።

ትምህርት ቤቱ የውጤት ካርድ በኢሜይል አይልክም። ካርድ የሚሰጠው በወላጆች ቀን፣ በእጅ፣ ተፈርሞ ነው። የክፍያ ሂሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ኢሜይል ከመጣም የእኛ አይደለም። ተጠራጥራችሁ ከሆነ የልጃችሁን የክፍል ኃላፊ ጠይቁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የአይሲቲ ክፍሉ ለወላጆች ክፍት ነው። ላፕቶፓችሁን አምጡ፣ አብረን እንፈትሻለን። ክፍያ የለውም። ቻርጀር አትርሱ፤ ካሁኑ የትምህርት ቤቱን ኢንተርኔት አታገናኙበት፣ መምህሩ ራሱ ያገናኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር