በሽተኛው ከሚንገላታ ስላይዱ ይላክ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ቀኝ ጎኑን ያመው ነበር። ቤተሰቡ «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ መጀመሪያ ቅጠል አጠጣው። እኔም ዝም አልኩ፣ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። በኋላ አቅራቢያችን ባለ ሆስፒታል አልትራሳውንድ ሲነሳ ጉበቱ ላይ እብጠት ታየ። ናሙና ግን እዚህ አይወሰድም ተባለና መሃል ከተማ ሪፈር ተጻፈለት። ከዚያ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሆነ። ታክሲ እየቀያየርን፣ ሲደክም ደግሞ ኮንትራት እየያዝን ስናመላልሰው ሰባት ሳምንት አለፈ፤ መርፌው ራሱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም!

መርፌው ቀጭን ነው፣ ደም ከሚቀዳበት ብዙም አይለይም። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ እብጠቱ ውስጥ ያስገባና ትንሽ ይስባል፣ ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ያደርቃል። ከዚያ ቀለም ገብቶ በማይክሮስኮፕ ይነበባል። አልትራሳውንዱ እኛ ጋ አለ። መርፌና ስላይድም ውድ ዕቃ አይደለም። የሌለው ናሙናውን አንብቦ በሽታውን የሚለየው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ነው።

ታዲያ በሽተኛው ከሚሄድ ስላይዱ ለምን አይሄድም? የቲቢ አክታ እኮ ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ በፖስታ ሠራተኛ ሲላክ ኖሯል። በደንብ የደረቀ ስላይድ ደግሞ በረዶ እንኳ አይፈልግም፣ ሣጥን ይበቃዋል።

በእርግጥ ቀጭኑ መርፌ ሁሉን አይመልስም። ጉበቱ ምን ያህል ጠባሳ እንዳለው ለማየት ቁራጭ ሥጋ የሚያወጣው ወፍራሙ መርፌ ያስፈልጋል። የጉበት ሕመምተኛ ደሙ ቶሎ ላይረጋ ስለሚችል አስቀድሞ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) እና የደም መርጋቱ መታየት አለበት። ውሃ የቋጠረ እብጠትም ዝም ብሎ አይወጋም፤ ከውሻ የሚመጣው የትል ከረጢት ከሆነ ፈሳሹ ሲፈስ ሰውነት በድንገት ሊቆጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ሠልጥኖ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሰፈር ውስጥ «ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል» ይባላል። እኛንም አስፈርቶን ነበር። ዕድሉ የለም አይባልም፣ ግን ትንሽ ነው፤ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ መክረም ይብሳል።

የወንድሜ ውጤት የጉበት ካንሰር ሆነ። ለጉበት ካንሰር ሊዳርግ የሚችለው፣ ተላላፊው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስም ተገኘበት። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ እሱ አልደረሰበትም። አሁን እኔም፣ ባለቤቱም፣ ልጆቹም እየተመረመርን ነው።

የጤና ቢሮ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ በከተማው ዳር ላሉ ሆስፒታሎች መርፌውን የሚሠራ አንድ ሐኪም አሠልጥኑልን፣ ስላይዱን በሳምንት ሁለት ቀን የሚወስድ ሰው መድቡልን፣ ውጤቱንም በስልክ ንገሩን።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ