ሳውንድ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ከሀዋሳ ሱቃችን ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን እንዴት ናችሁ፣ ቤተሰብ ልጆች ሁሉ ሰላም ነው?

ሰሞኑን በስልክም በቴሌግራምም እየደጋገማችሁ የምትጠይቁን አንድ ነገር አለ፣ «የቤቴ ኮምፒውተር አሮጌ ነው፣ ድምፁ አይረባም፣ ሳውንድ ካርድ በስንት ትሸጡልኛላችሁ?» የሚል። ሳውንድ ካርድ ማለት የኮምፒውተሩን ድምፅ ወደ ስፒከር የሚያወጣው ክፍል ነው። ለየብቻ ስንመልስ ለአንዱ የነገርነውን ለሌላው እየረሳን ስለተቸገርን ነው ይሄን ደብዳቤ ለሁላችሁም የጻፍነው። መልሳችን ባጭሩ ካርድ ለመግዛት አትቸኩሉ ነው፣ መጀመሪያ ድምፁ የት ጋ እንደሚበላሽ እንፈልግ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ችግራቸው ካርድ አይደለም።

ይሄን የምንለው ተምረንበት ነው። አቶቴ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አባት ደንበኛ አሉን፣ ጡረታ የወጡ፣ ማታ ማታ በገና የሚሰሙ። ስፒከራቸው ምንም ሳይከፈት ራሱ «እምምም» ይላል። እኛም ሳናጣራ ካርድ ሸጥንላቸው፣ ገጠምንላቸው፣ በሳምንቱ ተመልሰው መጡ፣ እምምታው እንዳለ ነው። ቤታቸው ሄደን ስናይ ኮምፒውተሩ አንድ ሶኬት ላይ ነው፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከሳሎኑ ማዶ ሌላ ሶኬት ላይ፣ በዛ ላይ የዲሹ ሪሲቨር ከአምፕሊፋየሩ ጋር ተያይዟል። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ስንሰካው ወዲያው ጸጥ አለ። ብራቸውን መለስንላቸው፣ ካርዱን ይዘን ወጣን። ነገሩ ምንድነው፣ የቤት መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፣ ዕቃዎቹ ኧርዛቸው (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ መስመር) በሁለት በሦስት መንገድ ሲገናኝ በድምፅ ገመዱ ላይ ትንሽ ከረንት ይዞራል፣ ስፒከሩ የሚያሰማችሁ እሱን ነው፣ እና ሳውንድ ካርድ ብትቀይሩ ብዙ ጊዜ አይለቃችሁም። አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶም ካልጠፋ በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ኧርዙን የሚለይ ትንሽዬ ዕቃ አለ፣ ርካሽ ነው። ግን እባካችሁ፣ ድምፁ እንዲጠፋ ብላችሁ የፕለጉን ሦስተኛ እግር እንዳትቆርጡ፣ እሱ እናንተንና ልጆቻችሁን ከመብራት የሚጠብቅ ነው።

ቤታችሁ ሆናችሁ የምትሞክሩት ቀላል ነገር ልንገራችሁ። የስፒከሩን ገመድ ከኮምፒውተሩ ንቀሉና ስልክ ላይ ሰኩት፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው ስልክ ማለታችን ነው፣ ቻርጀር ላይ ግን አይሁን። አሁንም የሚንጣጣ ወይ የሚያንሾካሹክ ከሆነ ችግሩ ስፒከሩ ወይ ገመዱ ነው። ስልኩ ላይ ጥርት ካለ ደግሞ ችግሩ ኮምፒውተሩ ጋ ነው፣ ወይም ቅድም ያልነው የኧርዝ ነገር። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሞክሩት፣ ሲነቀል ከጠፋ ድምፁ የሚገባው በቻርጀሩ በኩል ነው። ይሄ ሁሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ብርም አይጠይቅም።

ኮምፒውተሩ ነው ከተባለ መጀመሪያ የት እንደተሰካ እዩ። ብዙ ሰው የፊት ለፊቱን ቀዳዳ ነው የሚጠቀመው ምክንያቱም ለእጅ ይቀርባል። ከፊት ያለው ቀዳዳ ግን ከማዘርቦርዱ (ውስጥ ካለው ዋናው ሰሌዳ) ጋር የሚገናኘው በቀጭን ገመድ ነው፣ ገመዱ ኬዙ ውስጥ በፋኑና በሃርድ ዲስኩ አጠገብ ተጠምዝዞ ያልፋል፣ የነሱን ረብሻ እየለቀመ። ማውስ ስታንቀሳቅሱ ስፒከሩ «ዚዚዚ» የሚልባችሁ ሰዎች ብዙ ጊዜ ነገሩ ይሄ ነው። ከኋላ አረንጓዴው ላይ ሰኩትና ስሙ። አንድ ልጅ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞ መጥቶ «ድምፁ ሞቷል» ብሎን ከኋላ ስንሰካለት ደህና ሆኖ ነው የሄደው፣ የከፈለው የባጃጁን ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉ ቤቶች የሚመጡ አንዳንዶቹ ደግሞ ጃካቸው ዝጎ ነው የሚመጣው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ ጃኩን በአልኮል ጠረግ አድርጉት፣ ይሄም ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ከኋላም ተሰክቶ የሚረብሽ ከሆነ፣ ወይ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ ጭራሽ ከሞተ፣ ያኔ ካርድ እንሸጥላችኋለን፣ ግን ትንሿን የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ። የአውራ ጣት ያህል ናት፣ ድራይቨር (ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያስተዋውቅ ፕሮግራም) ሳትጠይቅ ትሠራለች፣ ጥቅሟ ደግሞ ድምፁን የምታወጣው ከኬዙ ውጪ ስለሆነ የውስጡ ረብሻ በደንብ ይቀንሳል። ከኋላ ያለው ዩኤስቢ ላይ በቀጥታ ሰኳት። ኬዝ ተከፍቶ የሚገባውን የድሮ የፒሲአይ ካርድ ግን ርካሽ አገኘሁ ብላችሁ አትግዙ፣ ብዙዎቹ ለዊንዶውስ 10 ድራይቨር የላቸውም፣ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ መግቢያውም የለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ስፒከር። እኛ እምነታችን 10 ብር ካላችሁ 8ቱን ስፒከር ላይ አውሉት ነው፣ ድምፅ በጣም የሚለወጠው እዛ ነው። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመኑ። 1000 ዋት ፒኤምፒኦ ብሎ ይጽፍላችኋል፣ ከዛ አዳፕተሩን ገልብጣችሁ ስታዩት 12 ቮልት 2 አምፒር ይላል፣ 12 በ2 ስታባዙት 24 ዋት ነው፣ ከ24 ዋት አዳፕተር ውስጥ 1000 ዋት ከየት ይመጣል? ፒኤምፒኦ የሚባለው ለማሻሻጥ የሚጻፍ ቁጥር ነው፣ እናንተ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚያወጣውን ዋት፣ ጠይቁ። ለአንድ መኝታ ቤት ወይ ለትንሽ ሳሎን ደግሞ እውነተኛ 10 ዋት ራሱ ከበቂ በላይ ነው።

እኛ አሁን ስፒከር የምንሞክረው በበገና ነው፣ እሳቸው አባት ናቸው ያስለመዱን። በገና 10 አውታር አለው፣ ያ የሚነዝረው ድምፅ ደግሞ አውታሩ ድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነው የሚመጣው፣ እንዚራ ትባላለች። በትንሽዬ ስፒከር ስትሰሙት ንዝረቱ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ከስር ያለው ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ እንደ ንብ ይሆናል። ደህና ስፒከር ላይ ሁለቱም አብረው ይመጣሉ፣ ወፍራሙም ንዝረቱም። ቤዙ ተጭኖ ንዝረቱን ከዋጠው ደግሞ እሱም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ስትመጡ የምትወዱትን፣ በደንብ የምታውቁትን ነገር በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ መዝሙርም ይሁን ክራር፣ ሱቁ የከፈተላችሁን ሞቅ ያለ ዘፈን ሰምታችሁ አትወስኑ።

አዲስ ከመግዛት በፊት ደሞ ቤት ውስጥ የድሮ ዴክ ወይ ሆም ቲያትር ካለ እዩት። ከኋላው አውክስ የሚል ቀይና ነጭ ቀዳዳ ካለው ከኮምፒውተር ጋር የምታገናኙት በአንዲት ገመድ ነው፣ ካሉን አማራጮች ሁሉ በብር በጣም የሚያዋጣው ይሄ ነው። ፎኖ የሚለው ላይ ግን አትሰኩ፣ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው። የስፒከሩ ዙሪያ ስፖንጅ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አትጣሉት፣ ይቀየራል።

አቀማመጡም ቀላል ነገር አይደለም። ጥግ ውስጥ አትወትፉት፣ ቤዙ ይጎረናል፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት። ሁለቱ ስፒከሮችና እናንተ ሦስት ማዕዘን ሁኑ፣ በየሳጥኑ ላይ ያለችው ቀጭን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን። ከስራቸው የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቆርጣችሁ ብታደርጉ ጠረጴዛው አብሮ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል።

ብሉቱዝ ለመስማት ችግር የለውም፣ ኦርጋን ከኮምፒውተር ጋር ለምትጫወቱ ግን ይዘገያል፣ ገመድ ተጠቀሙ። ድሮ ለስልክ ተብሎ የተጨመቀ ኤምፒ3 ካላችሁ ደግሞ ወደ 320 ኪሎቢት ብትቀይሩትም አንዴ የጠፋው አይመለስም፣ የተሻለውን ቅጂ ፈልጉ።

ከሰኞ ጀምሮ ካርድም ስፒከርም ከመሸጣችን በፊት ያላችሁን እንፈትሻለን፣ ለፍተሻው ምንም አናስከፍልም። ኬዙን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፣ ስፒከሩን፣ ገመዱን፣ አዳፕተሩንም አምጡ። ዕቃው ከባድ ከሆነ ወይ እንደ አባታችን ነገሩ የሳሎን ሶኬት ከመሰላችሁ ደውሉልን፣ ከሥራ በኋላ ቤት እንመጣለን።

የሱቁ ልጆች፣ ሀዋሳ